የልጃችሁን የሜሪላንድ ታሪክ ፖስተር ከባቡር ሐዲዱ ጀምሩት

አራተኛ ክፍል እያለች ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «የስቴታችን ታዋቂ ሰዎችና የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች» ይላል። ፖስተር ተሠርቶ ክፍል ውስጥ ለ5 ደቂቃ ይቀርባል። የተሰጠው ጊዜ 2 ሳምንት ነው። አንዱን ሳምንት ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ከርሟል።

እኔ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው ያደግሁት። ባቡር ሲባል ልቤ ይሞቃል። ስለ ሜሪላንድ ግን የማውቀው ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ስንት ሰዓት መኪና እንደሚዘጋ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ሁሉም ወላጅ የሚያደርገውን አደረግን። ጉግል ላይ ስም ለቀምን። 12 ሰው ተሰበሰበ፤ አብዛኞቹ ጢማም ሽማግሌዎች፣ ከሥራቸው የተወለዱበትና የሞቱበት ዓመት። ልጅቷን 7ኛው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አልፈረድኩባትም።

በማግስቱ ነገሩን ገለበጥነው። ሰዎቹን ትተን ከሐዲዱ ጀመርን። ሐዲዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ሰዎቹ አንድ በአንድ መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ ማን ምን እንደሠራም አይምታታባችሁም፣ የሠሩት ነገር ብዙው እስከ ዛሬ ቆሟልና። እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ቤታችሁ አጠገብ ያለው ሐዲድ የማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሮክቪል ወይም ጌይተርስበርግ የምትኖሩ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሜትሮውን ሬድ ላይን ስትጠብቁ፣ ፉርጎውን ቆጥራችሁ የማትጨርሱት ረጅም የዕቃ ባቡር ከጎናችሁ እየተንኳኳ ያልፋል አይደል? እሱ የሚሄድበት መስመር ሜትሮፖሊታን ብራንች ይባላል። የተከፈተው በ1873 ነው። የሠራው ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተባለው ድርጅት ነው፤ ሰው ባጭሩ ቢ ኤንድ ኦ ይለዋል። መስመሩ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ፖይንት ኦፍ ሮክስ ላይ ከጥንቱ ዋና መስመር ጋር ይገናኛል።

ይህን ለልጁ ስትነግሩት ፊቱ ይለወጣል። «ታሪክ» ማለት ሩቅ አገር ያለ ነገር መስሎት ነበር፤ ለካ እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ጀርባ ነው።

ቀጥሎ ካርታ። የኮንግረስ ላይብረሪ ድረ ገጽ ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ካርታዎች በነጻ ይገኛሉ። ስክሪኑ ላይ አስፍታችሁ ሰፈራችሁን ፈልጉ። ከዚያ የቦታ ስሞቹን አንብቡ፤ ግማሹ ታሪክ እዚያ ተደብቋል። ጋሬት ፓርክ የሚባለው ከተማ ስሙን ያገኘው ከቢ ኤንድ ኦ ፕሬዚዳንት ከሮበርት ጋሬት ነው። ወደ ምዕራብ ጫፍ ያለው ጋሬት ካውንቲ ደግሞ የአባትየው፣ የጆን ጋሬት ነው። ባልቲሞር አጠገብ ሪሌይ የምትባል ትንሽ ሰፈር አለች። ባቡር በፈረስ ይጎተት በነበረበት ዘመን ፈረሶቹ የሚቀየሩት እዚያ ስለነበር ነው ስሙ።

አዎ፣ በፈረስ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሁለት አካፋ በአንድ ቀን

ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ሠሩት?» ብሎ ነው። መልሱ ገንዘብና ፍርሃት ነው። በ1825 ኒውዮርኮች ኢሪ ካናል የሚባለውን የጀልባ ቦይ ጨረሱ። የምዕራቡ እህልና ሸቀጥ ሁሉ በጀልባ ወደ ኒውዮርክ መጉረፍ ጀመረ። የባልቲሞር ነጋዴዎች ገበያው ከእጃቸው ሊወጣ መሆኑ ገባቸው። እነሱ ደግሞ ከምዕራቡ የሚለያቸው ተራራ ነው፤ ቦይ ቆፍረው አይዘልቁትም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ገና ማንም በዚያ ርቀት ያልሞከረውን ነገር፣ ሐዲድ እስከ ኦሃዮ ወንዝ እንዘርጋ አሉ። ፈቃዱን ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1827 አገኙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፊሊፕ ቶማስ የሚባል የባንክ ሰው ነበር።

አሁን ለፖስተሩ የሚሆነውን ትዕይንት ልስጣችሁ። ጁላይ 4 ቀን 1828። ባልቲሞር ውስጥ ቻርልስ ካሮል የሚባል የ90 ዓመት አዛውንት አካፋ ይዞ የባቡሩን የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል። የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች በዚያን ጊዜ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ያደረገው ነገር ከፊርማው ቀጥሎ በሕይወቱ ትልቁ ሥራ እንደሆነ ተናገረ፣ እንዲያውም ከፊርማው ላያንስ ይችላል ብሎ ጨመረበት። ይኸው ሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ ባለ መሬትም ነበር። ሁለቱንም ጻፉ።

በዚያው ቀን ዋሽንግተን አጠገብ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የተፎካካሪውን፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ ካናልን ቁፋሮ ይመርቃሉ። አካፋቸው የዛፍ ሥር ይመታል። ደግመው ይሞክራሉ፣ አይሆንም። ኮታቸውን አውልቀው ወርውረው እንደገና ገፉት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ውድድሩም በዚሁ ተጀመረ። ከምበርላንድ ከተማ ባቡሩ በ1842 ደረሰ። ቦዩ በ1850። ቦዩ ከዚያ አላለፈም። ባቡሩ ግን በ1852 መጨረሻ ኦሃዮ ወንዝ ላይ ዊሊንግ ድረስ ሐዲዱን ገጠመ። ልጄ ይህን በሁለት ክር ሠራችው፤ ሰማያዊው ክር ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፈረሱ አሸነፈ? የሰማችሁትን ሁሉ አትለጥፉ

የመጀመሪያው መስመር ከባልቲሞር ኤሊኮትስ ሚልስ፣ የዛሬዋ ኤሊኮት ሲቲ ድረስ 13 ማይል ነበር። በግንቦት 1830 ተከፈተ። ሠረገላው ሐዲድ ላይ ይሄዳል፣ የሚጎትተው ግን ፈረስ ነው። የእንግሊዝ የእንፋሎት ሞተሮች እነዚያን ጠመዝማዛ ሐዲዶች ይችሉታል ብሎ ያመነ ሰው ጥቂት ነበር።

ፒተር ኩፐር እዚህ ላይ ይገባል። ሰውዬው ኒውዮርካዊ ነው፤ ባልቲሞር ውስጥ መሬት ገዝቶ ነበርና ባቡሩ ከከሸፈ ገንዘቡ መና ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር በራሱ እጅ ገጣጠመ። ለቦይለሩ ቱቦ ቢያጣ የጠመንጃ አፈሙዝ ቆርጦ ሰካበት። ቶም ተምብ አሉት፣ አውራ ጣት እንደማለት ነው፣ ከትንሽነቱ የተነሣ። በነሐሴ 1830 ሰው ጭኖ ኤሊኮትስ ሚልስ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ነው ሁሉም የሚወደው ታሪክ የሚመጣው። ሲመለስ ከአንድ ፈረስ ጋር ተወዳደረ፣ ቀደመ፣ ከዚያ ቀበቶው ከመዘውሩ ላይ ወለቀና ፈረሱ አሸነፈ ይባላል። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያቆየልን የድርጅቱ ጠበቃ የነበረው ጆን ላትሮብ ነው። የተናገረው ግን በ1868፣ ማለትም ከ38 ዓመት በኋላ። ውድድሩ መካሄዱንና ቀኑንም የሚጠራጠሩ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ስለዚህ ይውጣ? በፍጹም። ያማረ ታሪክ ነው። ልጁ «እንደሚባለው» የምትለዋን ቃል እንዲጨምርና ማን፣ መቼ እንደተናገረው እንዲጽፍ ብቻ አድርጉት። ሞተሩ መሄዱ አንድ ነገር ነው፣ ውድድሩ ሌላ። የልጄ አስተማሪ ከፖስተሩ ሁሉ የወደደችው ይህቺን ቦታ ነበር።

ተነሥታችሁ ሂዱ

ስክሪን ላይ ብቻ ከቀራችሁ ነገሩ ይሞታል። አንድ ቅዳሜ መድቡ። መኪና ይዛችሁ ሂዱ፤ በብራንስዊክና በካምደን መስመሮች የሚሄዱት፣ ማርክ የሚባሉት የሜሪላንድ የመንገደኛ ባቡሮች ቅዳሜና እሁድ የሉም። እኔ ሳላጣራ ልጄን በባቡር ልወስዳት ብዬ ባዶ ፕላትፎርም ላይ ቆሜያለሁ፣ ሳንድዊቻችንን እዚያው በልተን ተመለስን።

መጀመሪያ ኤሊኮት ሲቲ። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ከግራናይት የተሠራ ጣቢያ አለ። ከ1830ና 31 ጀምሮ ያለ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ካሉት የባቡር ጣቢያዎች ከዚህ የሚያረጅ አልተረፈም። ከተማዋን በ2016ና በ2018 ጎርፍ ክፉኛ መቷታል፣ ጣቢያው ግን ቆሟል። ልጁ ድንጋዩን በእጁ ይዳስስ። የዕቃ ባቡር ዛሬም አጠገቡ ያልፋል፣ ከደረሰላችሁ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል።

ቀጥሎ ቶማስ ቪያደክት፣ ሪሌይና ኤልክሪጅ መካከል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቁሙ። ፓታፕስኮ ወንዝን በ8 ቅስት የሚሻገር የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ርዝመቱ 612 ጫማ፣ ወደ 187 ሜትር። ያስገረመኝ ርዝመቱ አይደለም። ድልድዩ ጎባጣ ነው። ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እንደ ማጭድ ይዞራል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ትልቅ የድንጋይ ድልድይ አዙሮ መሥራት እብደት ይመስል ነበር። መሐንዲሱ ቤንጃሚን ላትሮብ ይባላል፣ ከላይ የጠቀስኩት የጆን ወንድም፤ አባታቸው የካፒቶሉ፣ የኮንግረሱ ሕንፃ አርክቴክት ነበሩ። ሰዉ ይወድቃል ብሎ «የላትሮብ ቂልነት» አለው። በ1835 ተጠናቀቀ። የተሠራው ለጥቂት ቶን ሞተር ነው፤ ዛሬ ያን ሁሉ እጥፍ የሚመዝን የዕቃ ባቡር ይሸከማል። የሥራ ተቋራጩ ጆን ማካርትኒ ደስ ብሎት ከጫፉ በራሱ ወጪ ሐውልት አቆመ። የራሱንም ስም መጻፍ አልረሳም!

ድልድዩን ከታች ነው ማየት። ከቅስቶቹ ሥር ቆማችሁ ሽቅብ ስታዩ ድንጋዮቹ የተጠረቡበት ምልክት ይታያል። ልጄ ቅስቶቹን እየቆጠረች አንድ ጎደለባትና እንደገና ጀመረች።

ሦስተኛው ባልቲሞር ፕራት ስትሪት ላይ ያለው የቢ ኤንድ ኦ ባቡር ሙዚየም ነው። ግቢው ራሱ ማውንት ክሌር፣ ሁሉ ነገር የተጀመረበት ቦታ ነው። በ1884 የተሠራው ባለ 22 ጎን ትልቅ ክብ አዳራሽ ሞተሮቹን ይዟል። በ2003 በከባድ በረዶ ጣሪያው ተደርምሶ ብዙ ሞተሮች ተጎድተዋል፣ በኋላ ተጠገነ። ቶም ተምብን እዚያ ታዩታላችሁ፣ ኦሪጂናሉ ግን አይደለም፤ ለመቶኛ ዓመቱ በ1927 የተሠራ ቅጂ ነው። የመግቢያ ሰዓቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ማውንት ክሌር ላይ ስለ ሳሙኤል ሞርስም ንገሩት። በ1844 ቴሌግራፉን የዘረጋው ይህንኑ ሐዲድ ተከትሎ ነው። ሽቦውን መሬት ውስጥ ሊቀብር ሞክሮ አልሆነለትም፤ ከዚያ በእንጨት ምሰሶ ሰቀለው። ሜይ 24 ቀን ከካፒቶል ወደ ማውንት ክሌር የተላከው ቃል ከኦሪት ዘኁልቁ 23፥23 የተወሰደ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን አውጡና በአማርኛ አንብቡለት፤ አያት ቤት ካሉ ደግሞ እሳቸው ያንብቡለት።

ዝርዝሩ ላይ የሌሉትን ፈልጉ

ጉግል የሚሰጣችሁ ዝርዝር የባለ አክሲዮንና የመሐንዲስ ነው። ፖስተሩን የሚለየው ሌላው ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስን ውሰዱ። ስሙን ልጁ ያውቀዋል፣ ከባቡር ጋር ግን አያገናኘውም። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838፣ 20 ዓመቱ ነው፣ ባልቲሞር ውስጥ በባርነት ይኖራል። ጥቁር ሰው ትኬት ለመቁረጥ መስኮቱ ላይ ነጻነቱን የሚያሳይ ወረቀት አቅርቦ መመርመር ነበረበት። ዳግላስ የመርከበኛ ልብስ ለበሰ፣ ከአንድ ነጻ መርከበኛ ወረቀት ተዋሰ፣ ባቡሩ ሊነሣ ሲል ዘሎ ተሳፈረ። ትኬቱን ውስጥ ሊቆርጥ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ የእሱን አይመስልም። ተቆጣጣሪው ወረቀቱ ላይ ያለውን የአሜሪካ ንስር፣ ማኅተሙን አየና ገንዘቡን ተቀብሎ አለፈ። አንድ ቀን ሳይሞላ ኒውዮርክ ገባ።

ልጁ ልብ እንዲል የምፈልገው ይህን ነው። ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ እንዴት እንዳመለጠ አልተናገረም። ሆን ብሎ ነው፤ መንገዱ ለሌሎች እንዳይዘጋ። ዝርዝሩን ያወጣው ባርነት ከቀረ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ያ ባቡር ቢ ኤንድ ኦ አይደለም፣ ወደ ፊላዴልፊያ የሚወስደው ሌላ ድርጅት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ቤት የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልጁ «አንደርግራውንድ ሬይልሮድ» ብሎ ይመጣል። በአማርኛ «የምድር ውስጥ ባቡር» ብላችሁ ከተረጎማችሁለት አለቀ፤ ሃሪየት ተብማን ሜትሮ ትነዳ እንደነበር አድርጎ ይስለዋል። የእኔ ልጅ በትክክል እንደዚያ ሳለቻት፣ ኮፍያ ሁሉ አድርጋላታለች። ባቡርም ሐዲድም አልነበረም። ከባርነት የሚያሸሹ ሰዎች የምስጢር መረብ ነው፣ የባቡሩን ቃል ለኮድ ተጠቅመውበት። ተብማን የሜሪላንድ ዶርቸስተር ካውንቲ ልጅ ናት፤ በ1849 ራሷ አመለጠች፣ ከዚያ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 ሰው አወጣች። «ሕቡዕ መንገድ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ጆንስ ሆፕኪንስም አለ። ጆን አይደለም፣ ጆንስ ነው፣ ስ አትርሱ። የቢ ኤንድ ኦ ዋና ዋና ባለ አክሲዮኖች አንዱ ነበር። በ1873 ሲሞት ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል እንዲሠራበት 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተወ፤ ከዩኒቨርሲቲው ድርሻ ብዙው የባቡር አክሲዮን ነበር። ለረጅም ጊዜ ባርነትን ይቃወም ነበር ተብሎ ሲነገር ቆየ። በ2020 ዩኒቨርሲቲው ራሱ የ1840ና የ1850 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አግኝቶ ቤቱ ውስጥ ባሮች መመዝገባቸውን ይፋ አደረገ። በድሮ መጽሐፍ ብቻ የተመካ ፖስተር ይህ ያመልጠዋል።

ጆን ጋሬት ደግሞ ለሁለት የሚከፈል ሰው ነው። ከ1858 እስከ 1884 ድርጅቱን መራ። በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ የደቡብ ጦር ወደ ዋሽንግተን እየተጠጋ መሆኑን ከጣቢያ ሠራተኞቹ ሰምቶ አስጠንቅቋል። በ1877 ግን የሠራተኛውን ደመወዝ 10 ፐርሰንት ቆረጠ። አድማው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስበርግ ላይ ፈነዳ፣ አገሪቱን አዳረሰ፤ ባልቲሞር ላይ ወታደር ተኩሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የሐዲዱ ሠራተኞች የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ። ሙዚየሙ አጠገብ ሌመን ስትሪት ላይ ይኖሩባቸው የነበሩ ጠባብ ቤቶች ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ሆነዋል። ክፍሎቹን ስታዩ አዲስ የመጣ ስደተኛ እንዴት ተጣቦ እንደሚኖር ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም።

ፖስተሩን ስትሠሩ

ካርታው መሀል ይሁን፣ ሰዎቹ በክር ከቦታቸው ጋር ይያያዙ። ከ5 ሰው አታስበልጡ። ለእያንዳንዱ አንድ የሚታይ ነገር፦ ለካሮል አካፋ፣ ለኩፐር አፈሙዝ፣ ለዳግላስ ባለ ንስር ወረቀት፣ ለላትሮብ 8 ቅስት። አምስተኛውን ልጁ ይምረጥ።

ጽሑፉን እናንተ አትጻፉለት። አውቃለሁ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እጅ ይበላል። አስተማሪዋ ግን ከአንድ መስመር ታውቀዋለች።

ጊዜ ካላችሁ የሜሪላንድ ስቴት አርካይቭስ ድረ ገጽ ላይ የባርነት ዘመን መዝገቦች አሉ። የኮንግረስ ላይብረሪ የድሮ ጋዜጦችም በነጻ ይነበባሉ፤ የጥንት ማስታወቂያዎቹ ብቻቸውን አንድ ማታ ያስመሻሉ።

ዳር ላይ ትንሽ ቦታ ተርፎን ነበር። ልጄ «የአንተስ ባቡር?» አለችኝ። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 እንደደረሰ፣ ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ የወለዳት ከተማ መሆኗን ነገርኳት። ሲልቨር ስፕሪንግንም ያሳደጋት ባቡር ነው ብላ ጎን ለጎን ለጠፈቻቸው። ክሩን በሙጫ አታጣብቁት፣ አይዝም። የእኛው መኪና ውስጥ ከምበርላንድ ላይ ተላቅቆ፣ ክፍል በር ላይ በስኮች ቴፕ ነው የቀጠልነው።